ገመድ የወደቀበት ማሳ

«ውባለም! ኧረ ውባለም! ገመድ ይዘው ወርደዋል!»

ዘነበች ከአምባው ጫፍ ቆማ ስትጮኽ እኔ ደጄ ላይ ባቄላ አበጥር ነበር። ሰፌዱን ጣልሁት። ባቄላው ሲዘረገፍ ዶሮዎቹ ወረዱበት፤ ዞሬም አላየሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ቁልቁለቱን ተያያዝሁት። ግንቦት ነው፤ መሬቱ ደርቋል፣ ጠጠሩ ከእግር በታች ይከዳል። ሁለት ጊዜ በመቀመጫዬ ተንሸራትቼ ተነሣሁ። ያየኝ ሰው አብዳለች ይበል። እውነቱን ነው፣ አብጄ ነበር።

ለሌላው አገር ገመድ ገመድ ነው፤ ጥጃ ያስሩበታል፣ አህያ ይጭኑበታል። እኛ ጋይንቶች ዘንድ ግን ገመድ ሲባል መሬት መለኪያው ነው፤ ስሙም በደህና አይነሣም። ከሸዋ ወዲያ ገመድ የወደቀበት አገር ገበሬው በገዛ አባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እኛ መሬታችንን የምናውቀው በጥማድ ነው። አንድ ሰው ሁለት በሬ ጠምዶ በቀን የሚያርሰው አንድ ጥማድ ነው፣ አለቀ። ሜትር የሚሉትን ነገር አናውቅም፣ እንድናውቀውም አንፈልግም።

ታዲያ ያን ገመድ ማን ይዞት ወረደ? የገዛ ወንድሜ! እናታችን ስትሞት ጡት ያልጣለው፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ደሴ! የተማረ ይግደለኝ ይላል ሰው። ይኸው፣ ገደለኝ።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ጃንሆይ ኢዮቤልዩ ያከበሩበት አርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት። ደሴ ጅማ ወርዶ እርሻ ተምሮ፣ ካኪ ሱሪ ለብሶ ጥር ላይ ተመለሰ። ነፋስ መውጫ የመንግሥት ሥራ ሰጡት። እርሱ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቢሮውን አያነሣም፤ ወሬው ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። እንደ ከተማው ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ለብሶ ባንዲራ የሚሰቀልበት ብቻ አይደለም። ተማሪው ፊደል ይቆጥራል፣ ያርሳል፣ ዘር ይፈትናል። መሬቱንም እንደ መደብ አራት ማዕዘን አላደረገውም፤ እንደ መቀነት አስረዝሞ ከወንዙ እስከ አምባ ሚካኤል ደጅ ሽቅብ ዘረጋው። መቀነቱ የብዙ ሰው ርስት ይነካል፤ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል። እኔም ቤት ለቤት ዞሬ፣ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አንዳንዱንም ሰድቤ አገሩን አሳመንሁለት።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ጎረቤቴ ወርቁ። ወርቁ መሬቱን ይወዳል፤ በሬው የሰው ድንበር ከረገጠ በሬውን የሚገርፍ፣ የሰው በሬ ድንበሩን ከረገጠ ሰውየውን የሚገርፍ ሰው ነው። ለሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ከሕዝቡ መካከል ተነሣና «ትምህርት ቤቱ ሸጋ ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤት ስም ገመድ ቢያወርዱብንስ? ዋስ ጥራ፣ ደሴ። አንተማ ዛሬ ነፋስ መውጫ ነህ፣ ነገ ጅማ ነህ። አገር ውስጥ የሚቀር ዋስ ጥራ!» አለው።

ደሴ ዓይኑን ሕዝቡ ላይ አዞረ። ማንም አልተነቃነቀም። እኔ ጆሮውን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሳብሁትና «ገመድ ይመጣል?» አልሁት።

«በአባታችን አጥንት እትዬ፣ አይመጣም» አለኝ።

«እኔ ዋስ!» አልሁ ዞሬ።

«በምን?» አለ ወርቁ።

«በዶቅማ።»

ዶቅማ ማሳዬ ነው፤ ዳሩ ላይ ባለው የዶቅማ ዛፍ ይጠራል። ከአባቴ የደረሰኝ፣ ባሌ ሲሞት ያልተወኝ፣ በክፉ ቀን ስንዴ የሰጠኝ ማሳ ነው። ከእርሱ ሌላ መሬት የለኝም። «ገመድ ከወደቀ ዶቅማ የአገሩ ይሁን» አልሁ፤ የደብሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልም፣ ቅስና አላቸውና፣ መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱበት። ከዚያ በኋላ ነው ወርቁ እሺ ያለው።

እንግዲህ ስሮጥ የነበረው ለዚህ ነው።

ስደርስ ግራዝማች ሀብቴ ዶቅማ ጥግ በቅሎ ላይ ተቀምጠዋል። የአውራጃው ሹም የላካቸው ሰው ናቸው፤ በዚያ ሙቀት በርኖስ ደርበው፣ ካስክ ባርኔጣ ደፍተው፣ ገንባሌያቸውን እስከ ጉልበት ጠምጥመዋል። ደሴ ካኪው ላይ ኩታ ጣል አድርጎ የገመዱን አንድ ጫፍ ይዟል። ገመድ እላለሁ እንጂ የብረት ሰንሰለት ነው። ሌላውን ጫፍ አንድ ነጭ ለባሽ፣ ምንሽሩን አንግቶ፣ ወደ ማሳዬ መሀል እየጎተተ ይሄዳል። የልፋቴን አፈር፣ ትናንት ጓል ያደቀቅሁበትን፣ በጫማው እየረገጠ!

«ተው!» ብዬ ጮህሁ። ነጭ ለባሹ ደንግጦ ዞረ፤ ጫፉ ከእጁ አመለጠና ዶቅማ ላይ ወደቀ። ሲወድቅ ተንሿሿ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

«ደሴ! በንጉሥ አምላክ! በንጉሥ አምላክ ብዬሃለሁ፣ ቁም!»

ሁሉም ባለበት ቆመ። የንጉሥ አምላክ ከተጠራ በኋላ ዳኛ ሳያይ እግሩን የሚያነሣ ሰው በእኛ አገር የለም፤ ካለም ነገ በሰው ፊት አይቆምም። ነጭ ለባሹ ገመዱን ለማንሣት ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ይህች ደግሞ ማን ናት?» አሉ ግራዝማች።

«እኅቴ ናት» አለ ደሴ።

«ሴትዮ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። ዞር በይ!»

«ከአንቱ ጋር ነገር የለኝም ግራዝማች። ነገሬ ከወንድሜ ጋር ነው። የንጉሡን ስም ጠርቻለሁ፤ እንለፈው ካሉ ይለፉት። አገር እያየዎት ነው።»

አገሩ እውነትም ደርሶ ነበር። ጅራፍ የያዘው ጅራፉን፣ ዶማ የያዘው ዶማውን እንደያዘ ከየማሳው መጥቶ ዙሪያውን ቆሟል። ወርቁ ከሁሉም ፊት ነው። ግራዝማች አንድ በአንድ አዩን። በቅሎዪቱ ብቻ ጆሮዋን ታራግባለች።

የደሴን ኩታ ጫፍ ያዝሁና ከነጠላዬ ጫፍ ጋር አጥብቄ ቋጠርሁት። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፤ የተረታው ሰው ቋጠሮውን ይፈታል።

«እትዬ፣ ይህ እኮ ቀርቷል። በአዋጅ ቀርቷል» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አንተ ዘንድ ቀርቷል! የአባትህም አጥንት አንተ ዘንድ ቀርቷል! ና፣ ወደ ባላምባራስ!»

ባላምባራስ ቸኮል አጥቢያ ዳኛችን ናቸው፤ ችሎት የሚቀመጡትም እላይ፣ ከአምባ ሚካኤል ቅጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ነው። ስለዚህ ሽቅብ ወጣን፤ እኔ ከፊት፣ እርሱ ከኋላ፤ ስቆም እየገፋኝ፣ ሲቆም እየጎተትሁት። አገሩ ተከተለን። ግራዝማችም ነጭ ለባሹን ገመዱ አጠገብ አቁመው በበቅሎ ተከተሉ። ገመዱን ማንም አልነካውም፤ እንደ ወደቀ ነው።

መንገዱ ያ መቀነት ራሱ ነው። የመረጠው መሬት፣ ትምህርት ቤት አደርገዋለሁ ያለው መሬት፣ ከእግሩ እስከ ራሱ።

«ለምን?» አልሁት። «ለምን ደሴ? እኔ ምን በደልሁህ?»

«ያለ ልኬት ማኅተም አይመታም አሉ። ያለ ማኅተም መምህር አይሰጥም። የትምህርት ቤቱን ብቻ ነው የምንለካው እትዬ፤ የሌላውን ሰው መሬት አንነካም። ወረቀት ላይ የሚያርፍ ቁጥር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም!»

«በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ዛሬ የትምህርት ቤቱን፣ ነገስ? ከጎን ያለውን ለምን ተውነው ሲሉህ ምን ትላለህ?»

ጥቂት ሄድንና ከታችኛው ዋልካ፣ ከጥቁሩ አፈር ወጥተን ቀይ አፈር ስንረግጥ ቆም አለ፤ ቋጠሮው ወገቤን ሳበኝ።

«እዚህ ነው» አለ። «ማስተማሪያውና አውድማው እዚህ ይሆናል። ታች ዋልካው ላይ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይኖራል። ጎጆውን ራሱ ይሠራል፤ ልጅ ሆኜ ቤተ ልሔም ድጓ ስማር እንደሠራሁት። ሁለተኛ ዓመት እዚህ ቀዩ ላይ ይወጣል። ሦስተኛ ዓመት እላይ ጭንጫው ላይ ገብስ ይዘራል። አንድ ዘር በአንድ ክረምት በሦስት አፈር ላይ እናበቅላለን። አንቺ ዋልካ ላይ ዋግ የበላው ስንዴ ቀዩ ላይ ለምን እንደተረፈ ማን ያውቃል? ማንም! ምክንያቱም ማንም አንድ ላይ ዘርቶ አላየውም!»

«ግራዝማችስ ምን አሉህ?»

ፊቱ ጠቆረ። «አራት ማዕዘን ይሁን አሉ። ታች ዶቅማ ዙሪያ፣ ከመንገዱ ዳር፤ ጠቅላይ ገዢው ሲያልፉ እንዲያዩት። ቆርቆሮው ከፊት፣ አበባ ከፊቱ። እርሻማ ገበሬው ያውቃል አሉኝ።»

«አንተስ?»

«ዛሬ ይለኩ፣ በኋላ ወደ ላይ እናስረዝመዋለን ብዬ ነው…»

ቋጠሮው ባይዘኝ ኖሮ ድንጋይ አነሣ ነበር። «በኋላ! ላም አለኝ በሰማይ! አገሩ የሰጠህ መቀነት ነው፤ ለሳቸው አራት ማዕዘን ልትሰጥ ገመድ ይዘህ ወረድህ! ለዚያውም በእኔ ማሳ ላይ! ለዚህ ነው ዶቅማን ያስያዝሁልህ? ለአበባ መትከያ?»

አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ጺም ያወጣ ሰው፣ ጅማ የደረሰ ሰው አለቀሰ። ልቤ ትንሽም አልራራም። እንዲያውም ባሰብኝ። ሳሳድገው እንዲህ ሲያለቅስ እሸት እጠብስለት ነበር፤ ያ ሁሉ እሸት ቆጨኝ።

ወይራው ሥር ስንደርስ ባላምባራስ ቸኮል በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በጭራ ዝንብ ይከላከላሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ በጠላት ጊዜ በረሃ የወረዱ፣ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከጎናቸው ናቸው። ቋጠሯችንን አይተው ሁለቱም ተነሡ።

«ምነው ልጆቼ? የአንድ እናት ልጆች?»

«ዳኛ ይስሙኝ!» አልሁና ወደ ደሴ ዞርሁ። «ተጠየቅ!»

«እጠየቃለሁ።»

«ገመድ አይወድቅም ብለህ በአባትህ አጥንት አልማልህልኝም?»

«ምያለሁ።»

«በአንተ መሐላ እኔ ለአገሩ ዋስ አልሆንሁም?»

«ሆነሻል።»

«ዛሬ ገመድ ይዘህ አልወረድህም?»

«ወርጃለሁ።»

ባላምባራስ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ቆይ፣ ቆይ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። መውረድ ሌላ፣ መውደቅ ሌላ ነው። ግዝቱ የታሰረው ገመድ ከወደቀ ነው። ገመዱ መሬት ነክቷል? ማን አየ?»

አገሩ እርስ በርሱ ተያየ።

«ወርቁ፣ አንተ ከፊት ነበርህ። አይተሃል?»

ወርቁ መሬቱን አየ፣ ዛፉን አየ፣ እኔን ብቻ አላየም። «ፀሐይ ዓይኔን ወግቶኝ ነበር ባላምባራስ። አላየሁም።»

ፀሐይ! ያ ሰውዬ ከወንዝ ማዶ የገባችበትን ፍየል ከነቀለሟ የሚያውቅ!

«ሌላስ?»

አንዱ ዘግይቼ ደረስሁ አለ። አንዱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር አለ። ዘነበች እንኳ፣ ከአምባው ላይ ሆና የጠራችኝ ዘነበች፣ «ከሩቅ ነበርሁ፣ አልለየሁትም» አለች። ከዚያ ደሴ ቀና ብሎ «አልወደቀም። በእጄ ነበር» አለ።

ገባኝ። ሊያድኑኝ ነው። አገሩ በሙሉ፣ ያ በጥማድ ፈንታ በስንዝር የሚጣላው አገር፣ ለአንዲት መበለት ብሎ በሚካኤል ደጅ ሊዋሽ ነው። ደጎች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ምን ዓይነት ቁጣ እንደያዘኝ ልንገራችሁ! ከእግሬ ተነሥቶ ጆሮዬ ድረስ ነደደኝ። እኔ እኮ እኩል ሰው ነኝ ብዬ ነው ዋስ የሆንሁት። ወንድ ዋስ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ወርቁ ፀሐይ ወጋኝ ይል ነበር? ከእንግዲህስ ማን በእኔ ቃል፣ ማን በደሴ ቃል አንዲት ጋት መሬት ይሰጣል? ያ መቀነት ትናንት በሐሰት መሐላ ተያዘ፤ ዛሬ ደግሞ በሐሰት ምስክር ሊታሰር ነው።

ግራዝማችም ይህን አይተው ፈገግ አሉ። «ካልወደቀ ታዲያ ግዝት የለም። ነገሩ አልቋል። እንውረድና ሥራችንን እንሥራ» አሉ።

«ሐሰት ነው!» አልሁ።

«እትዬ…» አለ ደሴ።

«ዝም በል! ሁለተኛ አታዋርደኝ! ባላምባራስ፣ ወድቋል። ዶቅማ ላይ፣ ከዛፉ ወዲህ፣ ሙሉ ለሙሉ ወድቋል። አሁንም እዚያው ነው ያለው፤ ሰው ልከው ያስመልክቱ። ወርቁ አይቷል፤ ዓይኑን ፀሐይ አልወጋውም። ሁሉም አይቷል። እኔም አይቻለሁ። ዋስ ነኝ ብያለሁ፣ ዋስ ነኝ! ዶቅማን ውሰዱ!»

ደሴ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ኩታው ከነጠላዬ ጋር ስለተቋጠረ እኔንም ይዞኝ ወረደ፤ አገር ፊት አፈር ላይ ዘጭ አልሁ። ማንም አልሳቀም።

ባላምባራስ መሪጌታን አዩ፤ መሪጌታም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዶቅማ የአገሩ ነው» አሉ ባላምባራስ። «አንተ ደሴ፣ የመሐላህን ንስሐ ከመሪጌታ ተቀበል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ያን ገመድ ነጭ ለባሹ አያነሣውም። አንተው በእጅህ ጠቅልለህ ለባለቤቱ ትመልሳለህ።»

«እኔ የመንግሥት ሰው ነኝ!» አሉ ግራዝማች፤ በርኖሳቸውን ወደ ኋላ ወረወሩት። «መሬቱ የአገሩ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ አገሩ ለመንግሥት ያስለካ! ያለዚያ ማኅተም የለም። መምህር የለም። ቆርቆሮ የለም። ስሙ በየትም መዝገብ አይጻፍም!»

ወርቁ ተነሣ። አሁን ዓይን ለዓይን አየኝ፤ ቀላ ብሏል።

«እኔ በዕድሜዬ ዋስ ሲጠራ ብዙ አይቻለሁ» አለ። «ዋስ ሳይጠየቅ ራሱ መጥቶ ሲከፍል ያየሁት ዛሬ ነው። ግራዝማች፣ ዶቅማ የአገሩ ከሆነ የእኔም ድርሻ አለበት። እኔ ድርሻዬን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ። ከወንዙ ዳር ያለኝንም፣ ሰማችሁ፣ በጥማድ ሰጥቻለሁ! በገመድ የሚለካው ሰው ግን ሬሳዬን ይለካ!»

«እኔም!» አለ አንዱ። «እኔም ሰጥቻለሁ!» አለ ሌላው። ከወንዙ እስከ ሚካኤል ደጅ ያለው መቀነት በዚያች ሰዓት በሰው አፍ ታሰረ። ቤት ለቤት ስዞር እግራቸውን እየጎተቱ እሺ ያሉኝ ሰዎች አሁን ይጋፉ ጀመር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። የሰጡት ነገር ሁሉ በእኔ ማሳ ነበር የተገዛው።

ግራዝማች በቅሏቸው ላይ ወጡ። «ደሴ! ነገ ጠዋት ነፋስ መውጫ ቢሮህ ካልተገኘህ ሥራህን እንደ ለቀቅህ ነው!»

ደሴ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ይፈታ ጀመር፤ የተረታው እርሱ ነው። ላብ አርሶት ጠብቋል። አቃተው። በመጨረሻ በጥርሱ ነክሶ ፈታው። ከዚያ ቁልቁል ወረደና ገመዱን ብቻውን ጠቀለለ። ከላይ ሆኜ አየሁት። የሚያግዘው አልነበረም፤ እኔም አልወረድሁም።

በማግሥቱ ነፋስ መውጫ አልሄደም። እሰይ፣ አበጀህ ያልሁት እንዳይመስላችሁ። ማታ ቤቴ መጥቶ ደጄ ላይ ሲቆም ራቱን አቀረብሁለት፣ ቃል ግን አላወጣሁም። እርሱም በልቶ ሲያበቃ ተነሥቶ አምባው ላይ መሪጌታ ዘንድ አደረ።

ለትምህርት ቤቱ መሬት ደቦ የተጠራው በዚያው ሳምንት ነው። ጥማዱ ሁሉ ወጣ። ከላይ ጭንጫው ላይ ደሴ ከጎልማሶቹ ጋር ወሰኑን በድንጋይ ካብ ይክባል፤ ሆታው ቤቴ ድረስ ይሰማል። እኔ በሬን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። የእኔ ነገር አልቋል፤ መሬት የሌላት ሴት ደቦ ላይ ምን ትሠራለች? ብዬ ለራሴ እየነገርሁ፣ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ።

ወርቁ ዶቅማን ይዟል። ሁለቱን ቀይ በሬዎቹን ጠምዶ፣ ሞፈሩን እያስተካከለ ከዛፉ ሥር ቆመ። ከዚያ ጅራፉን አጮኸና ጀመረ፤ ወሰኑን በቶሎ ለማውጣት ብሎ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቁልቁል!

ቁልቁል! ክረምት ሲገባ ያ ፈር ቦይ ነው የሚሆነው። ሐምሌ ላይ ጎርፉ ያን ተከትሎ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ይሰደዋል። ያን አፈር አባቴ እርከን ሠርቶ ያቆመው፣ እኔ በወንፊት እንደ መንፋት አድርጌ ድንጋይ የለቀምሁት ነው!

በሩን እንዴት እንደከፈትሁት አላውቅም። «አንተ ወርቁ! አንተ ድንጋይ ራስ! ምን ልታደርግ ነው? መሬቴን ለወንዝ ልትሰጥ ነው?»

በሬዎቹ ቆሙ። ወርቁ ዞረ። ሆታውም ቀረ፤ ከላይ ደሴ ድንጋይ እንደ ተሸከመ ቆሞ ወደ ታች ያያል።

«የማንን መሬት አልሽ ውባለም?» አለ ወርቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ዛፉን አየሁት። ከሥሩ አፈሩ ተገልብጦ ይሸታል፤ ያ ሽታ በየዓመቱ ግንቦት የእኔ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ለወርቁ ላሳየው? ሞቼ ነው!

«የማንም ይሁን!» አልሁት። «አግድም እረስ ብዬሃለሁ፣ አግድም!»

ወርቁ እርፉን አነሣና በሬዎቹን አዞረ።